ስፓኒሽን ከአማርኛ ተነስቶ መማር፦ ለጀማሪ የሰዋስው መመሪያ

"ስፓኒሽ አንድም ቃል አላውቅም" የሚል ሐበሻ ካጋጠማችሁ አትመኑት። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ በየዜናው "ኤልኒኞ" ሲባል ሰምቷል። ቆየት ብሎ ደግሞ "ላኒና" መጣች። ሁለቱም ስፓኒሽ ናቸው። ኤል ኒኞ "ልጁ" ማለት ነው፤ ላ ኒኛ ደግሞ "ልጅቷ"። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ባሕሩ በገና ሰሞን ሲሞቅባቸው በሕፃኑ ኢየሱስ ስም ጠሩት። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተቃራኒ ነውና ልጅቷ ተባለ። "ላኒና" የምንለው ኝዋን ውጠን ነው።

እነዚህን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ወንድ ሲሆን ኤል እና ኦ፣ ሴት ስትሆን ላ እና አ። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ይኸው ነው።

እኔ ስፓኒሽ የጀመርኩት ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሆቴል ኪችን ውስጥ ስሠራ ነው። እዚያ ሐበሻና የኤልሳልቫዶር ሰው ጎን ለጎን ነው የሚሠራው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ በተጻፈ አፕ ሞከርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ግራ ስጋባ ከረምኩ። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ እንግሊዝኛ "ይሄ ለየት ያለ ነገር ነው" እያለ በአሥር ገጽ የሚያብራራውን አማርኛ ከእናታችን ወተት ጋር አስተምሮናል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩ። ቀጥታ ከአማርኛ ተሻገሩ።

አንድ ደብተር ያዙ። እኔ እዚህ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኩት ድምፃቸው እንዲያዝ ነው። ደብተራችሁ ላይ ግን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ አለበለዚያ ማንበብ አትችሉም።

አንደኛ፦ አፋችሁን አስተካክሉ

ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፦ አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። ሁሌም እነዚሁ ናቸው። እንደ እንግሊዝኛ አንዱ ፊደል አምስት ቦታ አምስት ድምፅ አይሰጥም። የእኛ "ኧ" እና "እ" የሉም። ችግራችንም እዚሁ ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ ስናወራ ኤዋን ወደ ኧ እንስባታለን። ኤ ሁልጊዜ ኤ ናት፤ ሙሉ አድርጋችሁ ጥሯት።

ተነባቢዎቹ ላይ ደግሞ እኛ እድለኞች ነን። ፈረንጁ አፉን እያጣመመ የሚለማመዳት ኤን ላይ ሞገድ ያለባት ፊደል የእኛ "ኝ" ናት፤ አለቀ። ሁለት ኤል ተከታትሎ ሲመጣ "ይ" ይባላል። ኳስ የሚያይ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሴቪያ እና ማዮርካ በላቲን የሚጻፉት በሁለት ኤል ነው። ኤች ለብቻዋ ስትሆን አትነበብም። ቪ እንደ ቢ ይነበባል፤ ቫሌንሲያ በባለቤቶቹ አፍ ባሌንስያ ናት። ጄ ጉሮሮ ውስጥ የሚፋቅ "ኽ" ነው። ጂ ከኤ እና ከኢ በፊት ሲመጣም እንደዚያው፤ ሎስ አንጀለስን ሎስ አንኸሌስ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሲ ከኤ እና ከኢ በፊት ስትሆን፣ ዜድ ደግሞ በየትም ቦታ፣ ላቲን አሜሪካ ውስጥ "ስ" ናቸው። አብዛኛው የስፔን ሰው ምላሱን በጥርሱ መሃል አድርጎ ነው የሚላቸው። አንዱን ምረጡ። እኔ "ስ"ን መርጫለሁ፤ ይቀላል።

ደግሞ ማጥበቅና ማላላት አለ። ፔሮ ስትላላ "ግን" ናት። ፔርሮ ስትጠብቅ "ውሻ" ነው። "ገና" ጠብቆ በዓል፣ ላልቶ "እስካሁን" የሚሆንበት ሕዝብ ይሄ አይከብደውም።

ጫና፣ ማለትም ድምፅ የሚከብድበት ክፍል፣ የት ላይ እንደሚወድቅም እወቁ። ቃሉ በአናባቢ፣ በኤን ወይም በኤስ ካለቀ ጫናው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው። በሌላ ተነባቢ ካለቀ መጨረሻው ላይ ነው። ከዚህ የወጣ ቃል ሁሉ ጫናው ያለበት ፊደል ላይ ጭረት ይደረግለታል። ጭረቷ ጌጥ አይደለችም። አብሎ መጀመሪያው ላይ ሲከብድ "እናገራለሁ"፣ መጨረሻው ላይ ሲከብድ "ተናገረ" ነው።

ሁለተኛ፦ ስምን ከነጓዙ ያዙ

እኛ "ቤቱ" "ልጅቷ" እያልን ከኋላ የምንቀጥለውን እነሱ ከፊት ለብቻው ያስቀምጡታል። አራት ናቸው፤ አራቱንም ታውቋቸዋላችሁ፦ ኤል ክላሲኮ፣ ላ ሊጋ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ላስ ቬጋስ። ነጠላ ወንድ፣ ነጠላ ሴት፣ ብዙ ወንድ፣ ብዙ ሴት። ሎስ አንጀለስ "መላእክቱ" ነው፤ ላስ ቬጋስ "መስኮቹ"። ማን መስክ ብሎ እንደሰየመው እንጃ ብላችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። "አንድ" ለማለት ደግሞ ለወንድ ኡን፣ ለሴት ኡና።

ዕቃው ሁሉ ፆታ አለው። በኦ የሚያልቅ አብዛኛው ወንድ፣ በአ የሚያልቅ አብዛኛው ሴት ነው፦ ኤል ሊብሮ መጽሐፉ፣ ላ ሜሳ ጠረጴዛው። ከዳተኞች አሉ፦ ላ ማኖ እጁ፣ ኤል ዲያ ቀኑ፣ ኤል ፕሮብሌማ ችግሩ፣ ኤል ማፓ ካርታው። በስዮን እና በዳድ የሚያልቁ ሴት ናቸው፦ ላ ካንስዮን ዘፈኑ፣ ላ ስዩዳድ ከተማው።

የአማርኛውን ፆታ ግን ይዛችሁ አትሂዱ። እኛ "ፀሐይ ወጣች" እንላለን፤ ለእነሱ ፀሐይ ኤል ሶል፣ ወንድ ነው። ጨረቃ ላይ እንስማማለን፤ ላ ሉና ናት። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ "ሜሳ" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ሁልጊዜ "ላ ሜሳ" በሉ። ይህን ችላ ያለ ሰው ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በራሴ አይቼዋለሁ።

ብዙ ቁጥር ቀላል ነው። በአናባቢ ካለቀ ስ፣ በተነባቢ ካለቀ ኤስ ጨምሩ፦ ሊብሮስ፣ ስዩዳዴስ።

ቅጽል አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ በኋላ ይመጣል። ካዛብላንካን አስቡ፦ ካሳ ቤት፣ ብላንካ ነጭ። "ነጭ ቤት" የሚለውን ገልብጠው "ቤት ነጭ" ይላሉ። ቅጽሉ ስሙን በፆታም በቁጥርም ይከተላል፦ ላስ ካሳስ ብላንካስ፣ ኤል ፔርሮ ብላንኮ። (ካሳ ስትሉ የሚካስ ሰው ከታያችሁ ችግር የለም፤ እኔም አሁን ድረስ ይታየኛል።)

ሦስተኛ፦ ግሥን በስድስት ክፍል ጻፉ

የስፓኒሽ ግሥ ሁሉ በአር፣ በኤር ወይም በኢር ያልቃል። መጨረሻውን ቆርጣችሁ ሌላ ትቀጥላላችሁ። አብላር "መናገር"፦

እኔ አብሎ
አንተ፣ አንቺ አብላስ
እሱ፣ እሷ፣ እርስዎ አብላ
እኛ አብላሞስ
እናንተ (ስፔን ብቻ) አብላይስ
እነሱ፣ በላቲን አሜሪካ እናንተም አብላን

ኮሜር "መብላት" በኤ ይሄዳል፦ ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜይስ፣ ኮሜን። ቢቢር "መኖር" ከኮሜር የሚለየው በ"እኛ" እና በስፔኑ "እናንተ" ላይ ብቻ ነው፦ ቢቦ፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቢሞስ፣ ቢቢስ፣ ቢቤን።

አሁን ልብ በሉ። "እበላለሁ" ስትሉ "እኔ" ማለት ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ግሡ ራሱ ይናገራል። ስፓኒሽም እንደዚያው ነው። "እኔ" ዮ ነው፤ ግን "ዮ ኮሞ" የሚባለው "እኔስ እበላለሁ፣ አንተን አላውቅም" ለማለት ሲፈለግ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ሰው ዮ፣ ዮ፣ ዮ እያለ ይውላል። እናንተ ተዉት።

እንዲያውም ከእኛ ይቀላል። "ይበላል" እና "ትበላለች" አንድ ናቸው፤ ኮሜ። አንተና አንቺም አንድ ናችሁ፤ ቱ። አክብሮቱም አለ። እርስዎ ኡስቴድ ሲሆን ግሡን ከእሱና ከእሷ ይዋሳል። እኛም "እርስዎ መጡ" ስንል ከ"እነሱ መጡ" አይደል የምንዋሰው? ሐሳቡ አንድ ነው። አለቃችሁንና በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው በኡስቴድ ጀምሩ። ይህን ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም።

ሆዳቸው የሚለወጥ ግሦችም አሉ። ኬሬር "መፈለግ" ክዬሮ፣ ክዬሬስ፣ ክዬሬ ይሆንና "እኛ" ላይ ሲደርስ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ኬሬሞስ። ፖዴር "መቻል" ፕዌዶ ብሎ ፖዴሞስ ይላል። "እኛ" ግትር ናት ብላችሁ ያዙት።

በሳምንት አምስት ግሥ ብቻ ውሰዱ፤ ግን የምትሠሩትን ሥራ ግሥ። እኔ በኮሲናር "ማብሰል"፣ በሊምፕያር "ማጽዳት" እና በአብሪር "መክፈት" ነው የጀመርኩት። ኪችን ውስጥ "መዋኘት" ምን ይሠራልኛል?

አራተኛ፦ ነው እና አለ

ተማሪ ሁሉ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። "ነው" የሚሉበት ሁለት ግሥ አላቸው፤ ሴር እና ኤስታር። ሴር፦ ሶይ፣ ኤሬስ፣ ኤስ፣ ሶሞስ፣ ሶን። ኤስታር፦ ኤስቶይ፣ ኤስታስ፣ ኤስታ፣ ኤስታሞስ፣ ኤስታን። (የስፔኑን "እናንተ" ከዚህ በኋላ ትቼዋለሁ።)

አፑ "ሴር ለዘላቂ፣ ኤስታር ለጊዜያዊ" አለኝ። አመንኩት። አንድ ቀን ሺፍት ሊጀመር ሲል ሼፉ "ኤስታስ ሊስቶ?" አለኝ። ተዘጋጅተሃል? ማለቱ ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ሶይ ሊስቶ!" አልኩ። ኪችኑ በሳቅ ፈረሰ። "ብልጥ ነኝ" ማለቴ ነበር። ለሁለት ወር ስሜ "ኤል ሊስቶ" ሆኖ ቀረ፤ ብልጡ።

ያን ማታ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሳስበው አማርኛው መልሱን ይዞ ተቀምጧል። "ብልጥ ነኝ" ውስጥ ያለው ነኝ ነው፤ ሴር። "ተዘጋጅቻለሁ" ውስጥ ግን "አለሁ" አለች፤ ተዘጋጅቼ አለሁ። እሷ ኤስታር ናት!

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ፈተንኩት። ደክሞኛል፦ ኤስቶይ ካንሳዶ። ሴት ከሆናችሁ ካንሳዳ በሉ። በሩ ተዘግቷል፦ ላ ፕዌርታ ኤስታ ሴርራዳ። ሳህኑ ተሰብሯል፦ ኤል ፕላቶ ኤስታ ሮቶ። ምግቡ ደርሷል፦ ላ ኮሚዳ ኤስታ ሊስታ። አግብቻለሁ፦ ኤስቶይ ካሳዶ። ሞቷል፦ ኤስታ ምዌርቶ። የመጨረሻውን እዩት። ከሞት በላይ ዘላቂ ምን አለ? የአፑ ሕግ እዚህ ላይ ወደቀ፤ የእኛ "አለ" ግን አልወደቀችም።

ቦታም እንዲሁ ነው። ቤት አለሁ፦ ኤስቶይ ኤን ካሳ። ሰው ደህንነታችሁን ሲጠይቃችሁ "አለሁ" ትሉ የለ? ኤስቶይ ብዬን። ድግስ ሲሆን ግን "ድግሱ እኔ ቤት ነው" እንጂ "አለ" አንልም። እነሱም ወደ ሴር ይዞራሉ፦ ላ ፍዬስታ ኤስ ኤን ሚ ካሳ። ይህን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ማስረዳት ፈተና ነው።

ማንነት፣ ሥራ፣ አገር፣ ጠባይ ሴር ናቸው፦ ሶይ ኤቲዮፔ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሶይ ኮሲኔሮ፣ አብሳይ ነኝ።

ሁልጊዜ ግን አይሰምርም። "እየሠራሁ ነው" ውስጥ ነው አለ፤ እነሱ ግን ኤስቶይ ትራባኻንዶ ነው የሚሉት። "ደህና ነኝ"ም ያው ኤስታር ነው። እነዚህን ሁለቱን ለብቻ ጻፏቸው።

አንዲት ሦስተኛ አለች፤ አይ። ያልታወቀ ነገር መኖሩን ስትጠይቁ እሷን ተጠቀሙ። "ወተት አለ?" አይ ሌቼ? የታወቀውን ከሆነ ኤስታር ነው። "ወተቱ የት አለ?" ዶንዴ ኤስታ ላ ሌቼ? "ው"ዋ ካለች ኤስታ፣ ከሌለች አይ።

"አለኝ" ደግሞ ቴኔር ነው፦ ቴንጎ፣ ትዬኔስ፣ ትዬኔ፣ ቴኔሞስ፣ ትዬኔን። ረሃብም ዕድሜም በዚሁ ነው የሚነገረው። ቴንጎ አምብሬ፣ "ረሃብ አለኝ"። ቴንጎ ትሬይንታ አኞስ፣ "30 ዓመት አለኝ"። አኞስ ላይ ያለችውን ኞ አደራ። ኖ ካደረጋችኋት ቃሉ ሰው ፊት የማይጠራ የሰውነት ክፍል ይሆናል።

አምስተኛ፦ ይጥመኛል፣ ይመስለኛል፣ ይጎድለኛል

"ውሾች ደስ ይሉኛል" ስንል ግሡ የሚከተለው ውሾቹን ነው። እኔ መጨረሻ ላይ "ኛ" ሆኜ ተንጠልጥያለሁ። ስፓኒሽ ቁርጥ ይሄው ነው። "ኛ"ዋ ከፊት ሜ ሆና ትመጣለች።

ሜ ጉስታ ኤል ካፌ፣ ቡና ደስ ይለኛል።
ሜ ጉስታን ሎስ ፔርሮስ፣ ውሾች ደስ ይሉኛል።
ሜ ፋልታ ሳል፣ ጨው ጎድሎኛል።
ሜ ፓሬሴ ኬ ሲ፣ አዎ ይመስለኛል።
ሜ ድዌሌ ላ ካቤሳ፣ ራሴን ያመኛል።

ለአንተ ቴ፣ ለእሱና ለእሷ ሌ፣ ለእኛ ኖስ፣ ለእነሱ ሌስ። እንግሊዝኛ የሚያስብ ሰው እዚህ ወር ይፈጃል። እናንተ አንድ ከሰዓት ይበቃችኋል።

"አየዋለሁ" ውስጥ ያለችው "ው"ም ከፊት ትወጣለች፦ ሎ ቤኦ። "አያታለሁ" ላ ቤኦ። የሚታየው የታወቀ ሰው ከሆነ ከፊቱ አ ይጨመራል፦ ቤኦ አ ላ ኒኛ፣ ልጅቷን አያለሁ። የእኛን "ን" ትመስላለች፤ ልዩነቷ ለዕቃ አለመሆኗ ነው። ቤቱን አያለሁ ለማለት ቤኦ ላ ካሳ ብቻ ይበቃል።

ስድስተኛ፦ እምቢ ማለትና መጠየቅ

ከግሡ በፊት ኖ አድርጉ። በቃ። ኖ ኮሞ፣ አልበላም። ለጿሚ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ይኸውላችሁ፦ ሎስ ምዬርኮሌስ ኢ ሎስ ብዬርኔስ ኖ ኮሞ ካርኔ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልበላም። ሥራ ቦታ ይህችን ያህል የጠቀመችኝ ዓረፍተ ነገር የለችም።

"ምንም የለኝም" ሁለት ጊዜ ያፈርሳል፤ ስፓኒሽም እንዲሁ፦ ኖ ቴንጎ ናዳ። "ማንም አይመጣም"፦ ኖ ብዬኔ ናድዬ። እንግሊዝኛ ይህን ስህተት ይለዋል። እናንተ አትፍሩ።

ለጥያቄ የቃል ቦታ መቀያየር ግዴታ አይደለም። ድምፅን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ስትጽፉ ግን ከፊትም የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት አለ። መጠየቂያዎቹ ኬ ምን፣ ክዬን ማን፣ ዶንዴ የት፣ ኳንዶ መቼ፣ ኳንቶ ስንት፣ ኮሞ እንዴት። አዎ፣ ኮሞ "እበላለሁ"ም ነው። ሲጻፍ ጭረቷ ትለያቸዋለች።

ሰዓት ሲነግሯችሁ ስድስት ቀንሱ ወይም ጨምሩ። ሶን ላስ ትሬስ ከሰዓት ሲባል የእኛ 9 ሰዓት ነው።

ሰባተኛ፦ ነገና ትናንት

የወደፊቱን ለጊዜው በ"መሄድ" ተገላገሉት፦ ቦይ፣ ባስ፣ ባ፣ ባሞስ፣ ባን። ከኋላው አ አድርጋችሁ ግሡን እንዳለ አስቀምጡ። ቦይ አ ኮሜር፣ ልበላ ነው። ባሞስ አ ሊምፕያር፣ ልናጸዳ ነው።

ያለፈው ጊዜ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ከሦስተኛው ወር በፊት አትግቡበት። እስከዚያ የ"እኔ"ን ብቻ ያዙ፣ ጫናው መጨረሻ ላይ፦ አብሌ ተናገርኩ፣ ኮሚ በላሁ፣ ቢቢ ኖርኩ።

ልምምዱ

በየማታው አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ስለዋላችሁበት ቀን። ደክሟችኋል? ምን ጎደላችሁ? ማን አልመጣም? መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት። ከዚያ ግሡን ከመጨረሻ አንስታችሁ መሃል አስገቡ፤ "ቡና እጠጣለሁ" የሚለው ቶሞ ካፌ ይሆናል። ጠዋት ላይ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። እኔ ማዘጋጃ ጠረጴዛው አጠገብ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር የማነበንበው፤ ሳለቅስም ሰው አይጠረጥርም።

አንድ ነገር እንዳያደናግራችሁ። የኤልሳልቫዶር ሰዎች ጓደኛቸውን ቱ ከማለት ይልቅ ቦስ ይሉታል። ሆንዱራስ፣ ኒካራጓ፣ አርጀንቲናም እንዲሁ። ግሡ ትንሽ ይለወጣል፤ ትዬኔስ የነበረው ቴኔስ፣ ኤሬስ የነበረው ሶስ ይሆናል። ብዙ መጽሐፍ ይህን ይዘለዋል። እናንተ በቱ ተማሩ፤ ቦስ ሲሏችሁ ግን ደስ ይበላችሁ፣ አቅርበዋችኋል ማለት ነው።

ቆይቶ አዲስ ልጅ ገባ፣ ስፓኒሽ ብቻ የሚናገር። ትዕዛዙን ሁሉ እኔ አስረዳሁት። ሼፉ ከምድጃው ዞር ብሎ አየኝና "ቦስ ሶስ ሊስቶ" አለ።